የመኪና ጉልበት ሲጠፋ ጥፋቱ ሁሉ የቱርቦ አይደለም

(በወላይታ ሶዶ ከተማ የሠፈራችን መረዳጃ ዕድር ባደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የተሰጠ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ሙሉ ቃሉ እንዲለጠፍ በተወሰነው መሠረት የቀረበ።)



የዛሬው ንግግራችን ስለ መኪና ነው። «ዕድር ስለ መኪና ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ያገባዋል እንጂ! የዕድራችን ሚኒባስ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ከየቤታችን ባዋጣነው ገንዘብ የተገዛ፣ ሐዘንተኛ የሚያመላልስ፣ በሌሊት ሕመምተኛና ወላድ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ የሁላችን ሀብት ነው። በመሆኑም ስለ እሱ ጤንነት ማወቅ የሾፌሩና የመካኒኩ ሥራ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም።

የሆነውን ነገር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ላላወቃችሁ ግን ከመጀመሪያው እንናገር። አንዲት አባላችን ያረፈች ጊዜ ሚኒባሱ ዘመዶቿን ለማምጣት ወደ ምዕራብ አባያ ወረደ። ሲሄድ ምንም አልሆነም፤ መንገዱ ቁልቁለት ነውና። ሲመለስ ግን ሰው ሞልቶ ከአባያ ቆላ ወደ ሁምቦ ጠበላ የሚያወጣውን መንገድ እንደጀመረ ጉልበቱ ከዳው። ሾፌሩ ነዳጅ ቢረግጥም መኪናው አልሰማም። በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ ከኋላው ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ ዳገቱ በጠነከረበት ሁሉ ሰው እያወረደ በስንት መከራ ሶዶ ገባ። ሲደርስ ቀብሩ ተፈጽሟል። እኅት እኅቷን አፈር ሳታለብስ ቀረች። ለዕድር ከዚህ የበለጠ ውርደት ምን አለ?

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ከዚህ አያንስም። አንደኛ፣ አንዳንዶቻችን ሾፌሩን አማን። «ናፍጣውን እየቀዳ ሸጦ ሌላ ነገር ቀላቅሎበት ነው» ተባለ። ሁለተኛ፣ መኪናውን ያየው ጋራዥ «ቱርቦው ሞቷል፣ ሙሉውን መቀየር ነው» ብሎ ዋጋ ጻፈልን። ኮሚቴውም ገንዘቡ ከሣጥን ስለማይወጣ በየአባሉ ላይ ተጨማሪ መዋጮ ለመጣል አጀንዳ ያዘ። መዋጮው ቢጣል ኖሮ በዕለት ሥራ የሚተዳደሩት፣ ባል የሞተባቸው እናቶችና ጡረተኞች ሳይቀሩ ሊከፍሉ ነበር።

ይህን ያዳኑን በዘመናቸው ከባድ መኪና የነዱ፣ አሁን በጡረታ ያሉ አንድ የሠፈራችን አባት ናቸው። «ልጆቼ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ከሥሩ እንየው» አሉን። አየን። የተገኘውም ጥፋት ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር በሚወስደው የጎማ ቱቦ ላይ፣ ከማሰሪያው ሥር ተደብቆ የቆየ አንዲት ስንጥቅ ነው። ቱቦው ከአንድ ብረት ጋር ሲፋተግ ኖሮ ነው የተሰነጠቀው። ቱርቦው ደኅና ነበር። ናፍጣውም ደኅና ነበር። ሾፌሩም ንጹሕ ሰው ነበር።

እንግዲህ የዛሬው ንግግር ዓላማ ሁለተኛ እንዲህ እንዳንታለልና ሁለተኛ እንዲህ ሰው እንዳናማ ነው።

ቱርቦ ምንድነው?

ሞተር የሚሠራው ነዳጅንና አየርን አንድ ላይ አቃጥሎ ነው። ብዙ አየር ካገኘ ብዙ ነዳጅ በደንብ ያቃጥላል፤ አየር ካነሰው ግን ነዳጁ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ምድጃ ላይ እፍ ስንል እሳቱ እንደሚነድድ ማለት ነው። ቱርቦ የሞተሩ እፍ ባይ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት መዘውሮች አሉት። አንደኛውን ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ያሽከረክረዋል፤ በሌላው ጫፍ ያለው መዘውር ደግሞ አብሮ እየዞረ ንጹሕ አየር ከውጭ ስቦ፣ ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። በዚህ ዓይነት ሊባክን የነበረ ጭስ ሥራ ይሠራል። ይህን ሐሳብ የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ እ.ኤ.አ. በ1905 በስሙ አስመዝግቦታል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። ይህን ያህል የሚዞረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ ነው። ዘይት ለደቂቃ ቢቋረጥበት ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱት።

መኪና ሁሉ ግን ቱርቦ የለውም። በየመንገዳችን የምናየው 1 ኤች ዜድ የሚባል ባለ 4.2 ሊትር ሞተር ያለው ላንድክሩዘር ከፋብሪካው ሲወጣ ቱርቦ የለውም። 5 ኤል ሞተር ያለው ሃይስም እንዲሁ። በአንጻሩ 2 ኬዲ የሚባለው ባለ 2.5 ሊትር ሞተር፣ ሲኖትራክና አብዛኛዎቹ አዳዲስ የናፍጣ መኪናዎች ቱርቦ አላቸው። ስለዚህ አንድ ሰው «የመኪናህ ቱርቦ ተበላሽቷል» ቢላችሁ መጀመሪያ ኮፈኑን አስከፍታችሁ ቱርቦውን በዓይናችሁ እዩት። ይኸ ቀልድ አይደለም።

የአገራችን ከፍታና የቱርቦ ነገር

ሶዶ ከዳሞታ ሥር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አባያ ሐይቅ ዳር ያለው ቆላ ደግሞ ወደ 1200 ሜትር ገደማ ነው። ይህም ማለት ከአባያ ዳር ተነሥቶ ሶዶ የሚገባ መኪና 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት ወደ 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን እኛ ዘንድ ወደ 80 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲሠራ ከአየሩ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ቱርቦ ያለው ግን ቱርቦው ፈጥኖ እየዞረ የጎደለውን ለመሙላት ይጥራል። ሥራው በዛበት ማለት ነው። ለዚህ ነው በሜዳ የማትታወቅ ትንሽ ቀዳዳ በዳገት ላይ ጉድ የምታፈላው።

ከዚሁ ጋር ለመካኒኮቻችን አንድ ነገር እናሳስብ። በዘመናዊ መኪና ላይ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ በዲያግኖስቲክ ማሽን ሲታይ፣ የአየር ግፊት ሴንሰሩ በሶዶ 80 ገደማ ቢያሳይ ትክክል ነው። «መጽሐፉ 101 ይላል፣ ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ብሎ ደኅናውን አውጥቶ መጣል ስሕተት ነው፤ መጽሐፉ የባሕር ጠረፍን አየር እያሰበ ነውና። አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ ወደ 87 ያሳያል። ሴንሰሩ ተበላሽቷል የሚባለው ካለንበት አገር አየር ጋር ሳይስማማ ሲቀር ነው።

ግፊቱን ማን ይቆጣጠረዋል?

ቱርቦ ዝም ብሎ ቢለቀቅ ሞተሩን እስኪያፈነዳ አየር ይጠቀጥቃል። ስለዚህ ልጓም ያስፈልገዋል። በብዙ መኪናዎች ላይ ልጓሙ ዌስትጌት የሚባል ትንሽ በር ነው። ግፊቱ ከመጠን ሲያልፍ በሩ ይከፈትና ከፊሉ ጭስ መዘውሩን ሳይነካ በጎን ያልፋል። በሩን የሚከፍተው አክቹዌተር የሚባል የቆርቆሮ ጣሳ የመሰለ ዕቃ ነው። በውስጡ ስስ ሽፋንና ሞላ አለ፤ ከቱርቦው በቀጭን ቱቦ የሚመጣ ግፊት ሽፋኑን ሲገፋው ዘንጉ ይወጣና በሩ ይከፈታል። የስዊድኑ ሳብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ለዕይታ ያቀረበው 99 ቱርቦ የተባለው የቤት መኪና ስም ያተረፈውም በዚህ ልጓም ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ቶሎ ጉልበት የሚሰጥ፣ በከፍተኛ ዙር ደግሞ የሚታገሥ ቱርቦ ሆነለት።

በሌሎች መኪናዎች ላይ ደግሞ በጭሱ በኩል ያሉ ትናንሽ ክንፎች እየጠበቡና እየሰፉ ግፊቱን ይወስናሉ። እነዚህን ክንፎች የሚያንቀሳቅሰው የቫኪዩም ቱቦ ወይም የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ለሁለቱም ዓይነት አዛዡ ብዙውን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ነው። ኮምፒዩተሩ ግፊቱ ካዘዘው ጋር አልስማማ ካለው ሞተሩን ለማዳን ሲል ጉልበቱን ይቀንሰዋል፣ የሞተሩን መብራትም ያበራል። ሾፌር «መኪናው በድንገት ሞተ፣ አጥፍቼ ሳስነሣው ግን ዳነ» ሲል ብዙ ጊዜ ይኸ ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ በሁለት አቅጣጫ ነው የሚመጣው። ግፊቱ አነሰ፣ ወይም ግፊቱ በዛ። በሩ ተከፍቶ ከደረቀ ግፊቱ ያንሳል። ወደ አክቹዌተሩ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ከወለቀ ወይም ከተቀደደ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ በሩ ግፊት መኖሩን ስለማይሰማ ተዘግቶ ይቀርና ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ክንፎቹም በጥላሸት ተይዘው ሲደርቁ እንደያዛቸው ቦታ ወይ ያንሳል ወይ ይበዛል።

ማሽኑ ላይ ፒ0299 የሚል ቁጥር ቢወጣ ግፊቱ አንሷል፣ ፒ0234 ቢወጣ ግፊቱ በዝቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ቁጥሩ «ግፊት አንሷል» አለ እንጂ «ቱርቦ ሞቷል» አላለም። ሰው ትኩሳት አለው ማለት ወባ ይዞታል ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ ቁጥሩ የሕመሙን ምልክት እንጂ የሕመሙን ስም አይነግርም። በእኛ ሚኒባስ ላይ የወጣው ፒ0299 ነበር። ጋራዡ ቁጥሩን አይቶ ቱርቦ ግዙ አለን። ሊያስከፍሉን የነበረው ለአንድ ቁጥር ነው።

ከቀላሉ ወደ ከባዱ

የዕድራችን መኪና በታየበት ቅደም ተከተል የእናንተም መኪና ቢታይ ብዙ ገንዘብ ይተርፋችኋል። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ቱርቦ ያልሆነውን ነገር አስቀድሞ ማየት። የተያዘ ፍሬን መኪናን ያንቃል። ጥቂት ከነዱ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ሲግል ምልክቱ እሱ ነው፤ እጅ ሳያስነኩ አስጠግቶ መስማት ይበቃል። የሞተሩ ዙር እየጨመረ መኪናው ካልፈጠነ ደግሞ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። የናፍጣ ፊልትሮ ሲደፈንም ጉልበት ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ጥቁር ጭስ አይኖርም።

2ኛ. የአየር ፊልትሮ። ከሶዶ ወጣ ብሎ በየገጠሩ ጥርጊያ መንገድ የሚሄድ መኪና በበጋ አቧራ ይጠጣል። የተደፈነ ፊልትሮ ቱርቦውን ያንቀዋል። ሲጸዳ በቀስታ ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ይነፋል እንጂ በድንጋይ ላይ አይመታም፤ ወረቀቱ ከተቀደደ አቧራው የመዘውሩን ምላስ ይበላዋል። ፊልትሮውን አውልቆ «መኪናው ቀለለው» ብሎ መንዳት ደግሞ ቱርቦን በእጅ መግደል ነው።

3ኛ. ቱቦዎችና ማሰሪያዎች። ከቱርቦው እስከ ኢንተርኩለሩ፣ ከኢንተርኩለሩ እስከ ሞተሩ ያሉት ወፍራም ቱቦዎች ሁሉ በእጅ እየተዳሰሱ ይታዩ፤ ይኸ ሲሆን ሞተሩ ጠፍቶ፣ በርዶ ነው። ማሰሪያው ሥርና ከብረት ጋር የሚፋተጉበት ቦታ ዋነኛ መደበቂያ ነው። አንድ ቦታ ዘይት ያዘለ አቧራ ተሰብስቦ ካያችሁ አየር የሚያመልጠው ምናልባት በዚያ ነው። በዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ «ፉሽሽ» የሚል ድምፅ መሰማቱም ሌላው ምልክት ነው። የኛ ሾፌር ይህን ድምፅ ሰምቶ ነግሮን ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም።

4ኛ. የሳሙና ውሃ። ሞተሩ ቆሞ በቀስታ ሲሠራ ግፊት ስለሌለ ስንጥቋ አትከፈትም፤ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ምንም ያልተገኘው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የቱርቦው መግቢያ በመድፈኛ ታሽጎ፣ ከ1 ባር የማይበልጥ አየር ቀስ ተብሎ ይገባበታል። ከዚያ ቱቦዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ይፈስሳል። አረፋ የሠራበት ቦታ ሌባው ነው። የኛን ሌባ የያዝነው በአንድ ጣሳ የሳሙና ውሃ ነው እንላችኋለን!

5ኛ. ቀጫጭኖቹ ቱቦዎችና ሴንሰሮች። የቫኪዩምና የአክቹዌተር ቱቦዎች በሙቀት ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ዋጋቸው ትንሽ፣ ጥፋታቸው ትልቅ ነው። የሴንሰሩም ቀዳዳ በጥላሸት ተደፍኖ ሊሆን ስለሚችል ከመቀየሩ በፊት ይጽዳ።

6ኛ. አክቹዌተሩ። መለኪያ ባለው የእጅ ፖምፓ ጥቂት ግፊት ሲሰጠው ዘንጉ ሳይንገጫገጭ መንቀሳቀስና ግፊቱንም ይዞ መቆየት አለበት። ዘንጉ ካልተንቀሳቀሰ በሩ ደርቋል ወይም ሽፋኑ ተቀዷል። ከጋራዥ ኮምፕሬሰር በቀጥታ ብዙ አየር መልቀቅ ግን ደኅናውን ሽፋን ይቀድደዋል።

7ኛ. በመጨረሻ ራሱ ቱርቦው። ሞተሩ ጠፍቶና በርዶ የአየር መግቢያው ቱቦ ወልቆ መዘውሩ በጣት ይዞራል። በቀላሉ መዞር አለበት። ወደ ጎን ጥቂት መነቃነቅ የተፈጥሮው ነው፤ በዘይት ላይ ነውና የሚንሳፈፈው። ምላሱ ቤቱን የሚነካ ከሆነ፣ ወይም ዘንጉ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በግልጽ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ወይም ምላሱ የተበላ ከሆነ ያን ጊዜ «ቱርቦው አልቋል» ቢባል እናምናለን። ሞተሩ እየሠራ ጣት ማስገባት ጣትን መስጠት ነው፤ ለልጆች ንገሩ።

የጭሱም ቀለም ይናገራል። ጥቁር ከሆነ አየር አንሷል ወይም ነዳጅ በዝቷል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቆመ ውሃ ወይም ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው።

«ጉልበት ጨምርልኝ» ስለሚሉ

አሁን ደግሞ ወደ ወጣቶቻችን እንመለስ። ከመካከላችሁ ፒክአፕ ገዝታችሁ በሥራ ላይ ያላችሁ አላችሁ፤ በርቱ። ነገር ግን የአክቹዌተሩን ዘንግ በማሳጠር፣ ወይም ቀጭኑን ቱቦ በመድፈን፣ ወይም ኮምፒዩተሩን በማታለል ግፊት ማስጨመር እየተለመደ መጥቷል። በሠፈራችን አንድ መኪና እንዲህ ተደርጎ ለጥቂት ሳምንታት እንደ ጥይት ሄደ። ባለቤቱም ደስ ብሎት ነበር። ኋላ በአንድ ረዥም ዳገት ላይ የኩላሳው ጓርኒሲዮን ፈነዳ፣ አንዱም ፒስቶን ቀለጠ። በዕቁብ ገንዘብ የተገዛ መኪና ነበር፤ ዕቁቡ ገና ሳያልቅ መኪናው ቆመ።

ለምን ቢባል፣ ግፊት ሲጨምር ሙቀትም ይጨምራል። ሞተሩ የተሠራለት ልክ አለው። እኛ ዘንድ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦው አስቀድሞም ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ ነው የሚዞረው፤ ተጨማሪ ሲጠየቅ ከልኩ አልፎ ሊሰበር ይችላል። ከዚህም በላይ ጉልበት ቢጨመርም ፍሬን አልተጨመረም። ሰው ጭኖ ከሶዶ ወደ አባያ ቁልቁል የሚወርድ መኪና የሚያስፈልገው ፍሬን ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ቀዳዳን በግፊት ለመሸፈን መሞከር ነው። ቱቦው እያፈሰሰ ዘንጉን አሳጥሮ ጉልበቱን ለመመለስ መጣር፣ በተቀደደ ጆንያ እህል ላይ እህል እንደመጨመር ነው። የኛንም ሚኒባስ እንዲህ ለማድረግ ሐሳብ ያቀረበ ነበር። እግዜር አተረፈን።

ጥንቃቄ

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጥፋት ሳይመጣ የሚደረገው ቀላል ነው። የሞተር ዘይት በወቅቱና በትክክለኛው ዓይነት ይቀየር፤ ቱርቦ የሚኖረው በዘይት ነው። ጠዋት ሞተር እንደተነሣ ወዲያውኑ ነዳጅ አይረገጥ፤ ዘይቱ እስኪደርስ ትንሽ ይታገሡት። ረዥም ዳገት ወጥታችሁ ስትቆሙም ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ። አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ ይሥራና ይብረድ። አለበለዚያ የጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ያርርና የዘይቱን መንገድ ይደፍናል። ሊያጠፉ ሲሉ ነዳጅ አንዴ «ቩም» አድርጎ ማጥፋት የቆየ ልማድ ነው፤ ለቱርቦ ግን መርዝ ነው፤ ይቅር።

አንድ አደጋ ደግሞ ሁሉም ሾፌር ማወቅ አለበት። የቱርቦው ዘይት መያዣ ሲበላሽ የናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እየጠጣ በራሱ ጊዜ ዙሩን ሊጨምር፣ ቁልፍ ቢዘጋም አልጠፋ ሊል ይችላል። እንዲህ ከሆነ መደናገጥ አይገባም። መኪናው የእጅ ማርሽ ከሆነ ፍሪሲዮን ረግጦ የመጨረሻውን ከፍተኛ ማርሽ ማስገባት፣ ፍሬኑን አጥብቆ መርገጥ፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው፤ ሞተሩ ታንቆ ይጠፋል። ይህ ካልሆነ ሰውን አውርዶ ከመኪናው ማራቅ ነው። በእጅ ወይም በጨርቅ አየር መግቢያውን ለመድፈን መሞከር አይገባም፤ እጅንም ጨርቅንም ይስባል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑንም አትርሱ። እጃችን ላይ ያለውን መኪና በእንክብካቤ ማቆየት ከድሮው የበለጠ ያስፈልጋል ማለት ነው።

የመጨረሻ ቃላችን

የተከበራችሁ አባላት፤ ንግግራችንን የምንዘጋው በሦስት ነገሮች ነው።

አንደኛ፣ ታስቦ የነበረው ተጨማሪ መዋጮ ቀርቷል። ቱቦውና ማሰሪያው ከመደበኛው ሣጥን ወጪ ተገዝተው ተቀይረዋል። መኪናው ሰው ሞልቶ አባያ ወርዶ ተመልሷል፤ በሁምቦ ዳገት አንድም ሰው አልወረደም።

ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ለዕድሩ መኪና ከፍ ያለ ጥገና ሲጠየቅ፣ ከላይ የተዘረዘሩት 7 ነጥቦች መታየታቸው በጽሑፍ ሳይቀርብ ኮሚቴው ገንዘብ አያወጣም። የወለቀው አሮጌ ዕቃም ለኮሚቴው ይመለሳል። የግል መኪና ያላችሁም እንዲሁ ብታደርጉ ትጠቀማላችሁ። ሐቀኛ መካኒክ ይህን ቢጠየቅ አይቆጣም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብደናል። ሾፌራችን በዚያን ዕለት የሰማውን ድምፅ ነግሮን ሳለ እኛ ማጣራቱን ትተን የሌባ ስም ሰጠነው። ልጆቹ በትምህርት ቤት ሳይቀር ሰሙት። የተቀደደ ቱቦ በአንድ ቀን ይቀየራል፤ የተቀደደ ስም ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠገንም። ሐሜቱ በአደባባይ እንደተነገረ ይቅርታውም በአደባባይ ይሁን ብለን ወስነናል። ስለሆነም በዚህ ጉባኤ ፊት ቆመን በድለንሃል፣ ይቅር በለን እንላለን። ይህ ጽሑፍ በሰሌዳው ላይ የሚለጠፍበትም ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ያማነው ሁሉ እንዲያነብበው።

ቀብር ላይ ሳይደርሱ ለቀሩት ዘመዶችም ኮሚቴው ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል። እነሱም ተቀብለውናል፤ ምርቃታቸውንም ይዘን ተመልሰናል።



የሠፈሩ መረዳጃ ዕድር ሥራ አመራር ኮሚቴ
ወላይታ ሶዶ

ማሳሰቢያ፦ የ7ቱ ነጥቦች ዝርዝር በትልቁ ተጽፎ በዕድሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፋል። የሚፈልግ ሾፌር ወይም ባለመኪና መጥቶ መገልበጥ ይችላል።